«አማቴ ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ ግን መጸለይ አቃተኝ»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዓምዳችሁን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ለመጻፍ የደፈርኩት ግን ዛሬ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር አለፈው። ታሞ የተኛው ሃያ ቀን ብቻ ነው። በአንድ የግል ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቷል። የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። አማቴም ከእኛው ጋር ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ። ለሕክምናው ከባለቤቴ ጓደኛ የተበደርነው 22,000 ብር አልተከፈለም። እድሩ ከሰጠን ገንዘብ የቀረኝ 14,000 ብር ነው።

ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በመዘምራን ውስጥ 12 ዓመት አገልግያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት የዘመርኩትን ቆጥሬ አልጨርሰውም። አሁን ግን አፌን ስከፍት ድምፅ አይወጣም። እንበረከካለሁ፣ እንደ ድንጋይ ሆኜ እነሣለሁ። አማቴ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንድ ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው እየጸለዩ እኔ አለመቻሌ ያሳፍረኛል። በለቅሶው ሰሞን አንዲት እህት «ሐሳቤ የሰላም ነው» የሚለውን ኤርምያስ 29፥11ን በካርድ ጽፋ ሰጥታኝ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር። ባለፈው ወር ቀደድኩት።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አገልጋይ ነኝ የሚል ሰው በጎረቤት በኩል መጥቶ ጸለየልኝ። «በቤትሽ ላይ የታሰረ ነገር አለ፤ 10,000 ብር የእምነት ዘር ከዘራሽ በሦስት ወር ይፈታል» አለኝ። ለነቢዩ ኤልያስ እንጎቻ የጋገረችለትን የሰራፕታዋን መበለት ጠቀሰልኝ። እሑድ እመለሳለሁ ብሏል።

ልጄ በቀደም «እግዚአብሔር አባቴን ለምን ወሰደው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩት። አንዳንዴ ልጆቹ ባይኖሩ ኖሮ ተኝቼ ባልነሣ እላለሁ። እግዚአብሔር ይወደኛል ወይስ ትቶኛል? ከመዘምራን ልውጣ? ገንዘቡንስ ልስጥ?

መጸለይ ያቃታት፣ ከሐዋሳ

*

እህቴ፣ በጥያቄዎችሽ ተራ አልጀምርም። መጨረሻ ላይ አልፈሽው የሄድሽው ቃል አለ፤ «ተኝቼ ባልነሣ» ያልሽው። ይህን ብዙ ሐዘንተኛ ይለዋል። ድካም ከአቅም በላይ ሲሆን፣ መሞት ሳይሆን ማረፍ አምሮት እንዲህ የሚል ሰው አለ። ያንቺ የትኛው ነው? ማረፍ ነው የናፈቀሽ ወይስ ራስሽን ስለ መጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? እንዴትና መቼ የሚለው ጭምር በሐሳብሽ መጥቶ ከሆነ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳ አትጠብቂ። ለአማትሽ ወይም ለምታምኛት ጎረቤት አሁኑኑ ንገሪ፤ ብቻሽን አትደሪ፤ አብራችሁ ሪፈራል ሆስፒታል ሂዱ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

እንደዚያ ባይሆንም ልትከታተዪው የሚገባ ነገር አለ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ፣ ራስን እንደ ሸክም ማየቱ አብዛኛውን ቀን እየተመላለሰ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ልክ እንዲህ በያቸው፦ «ባሌ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ አንዳንዴ ባልነቃ እላለሁ።» «ራሴን ያመኛል» ብቻ ካልሽ የራስ ምታት ክኒን ይዘሽ ትመለሻለሽ። እናቶቻችን ሐዘናቸውን በራስ ምታትና በጨጓራ ስም ሲያስመዘግቡ ኖረዋልና ይህን አደራ እልሻለሁ።

ሕክምና መፈለግሽ የእምነት ማነስ እንዳይመስልሽ። ነቢዩ ኤልያስ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ተኝቷል። መልአክ መጣለት። መልአኩ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነትም አላስተማረውም። ነካ አደረገውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። በላና ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ረጅም ነው ብሎ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አየሽው? መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፣ ጥያቄው ቆይቶ።

አንቺ ሌሊት 10 ሰዓት የምትነሺ ሴት ነሽ። ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሆነ እንቅልፍሽ አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሐዘን ደግሞ በራሱ ጉልበት ይበላል። ለአንድ ወር ያህል የማታውን ሥራ አሳጥረሽ ሦስት ሰዓት ላይ ከልጆቹ ጋር ለመተኛት ሞክሪ። ጠዋት ለምግብ ቤቶቹ ቆጥረሽ ከማስረከብሽ በፊት ከምጣዱ የወጣችውን የመጀመሪያዋን እንጎቻ አንቺ ብያት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለኤልያስም የተላከለት ያው ነው።

ወደ ጸሎቱ ልምጣ። አፍሽ የተዘጋው በውስጥሽ የሌለውን እንዲናገር ስለምታስገድጂው ይሆን? በመዘምራን ዓመታትሽ የለመድሽው ጸሎት በምስጋና ነው የሚጀምረው። መልካም ልማድ ነው፤ ግን መዝሙረ ዳዊት ከዚያ ይሰፋል። ከ150ው ሲሶ ያህሉ ስሞታና ለቅሶ ነው። አጭሩን ውሰጂ፣ መዝሙር 13ን፤ በአማትሽ ዳዊት 12ኛው ነው፣ የኦርቶዶክሱ ዳዊት እዚያ አካባቢ በአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚቆጥር። ገና ሲጀምር «እስከ መቼ» እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ ነው የሚነሣው። ቀጥሎ ይለምናል። መጨረሻ ላይ ምሕረትህን ታምኛለሁ ይላል። ልብ በዪ፣ ችግሩ ሄደለት አይልም፤ መዝሙሩ ያለቀው ጠላቱ ባለበት ነው።

ያንቺንም በዚሁ መልክ በአራት ዐረፍተ ነገር ጻፊው። አንደኛው የእግዚአብሔርን ስም ትጠሪያለሽ፣ እንዴት እንደምትጠሪው አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለተኛው የሚያመውን ትናገሪያለሽ፤ አንድ ነገር ብቻ፣ የዛሬውን። «ልጄ ጠየቀኝና የምመልሰው አጣሁ» ቢሆን ይበቃል። ሦስተኛው ለዛሬ የሚሆን ልመና ነው፦ «ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምለውን ስጠኝ።» አራተኛው፣ ስሜቱ ባይኖርሽም ልትቆሚበት የምትወጂውን ትዪያለሽ። አራተኛው ካልመጣ ተዪው። መዝሙር 88፣ በእማማ ዳዊት 87ኛው፣ ያለ መጽናኛ ቃል ነው የሚያልቀው፤ እንዲያም ሆኖ ከቅዱስ መጽሐፍ አልወጣም። ይህ መንገድ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ የስምንት ወሩን ሁሉ ባንድ ጠዋት ለመጻፍ ሲሞከር ነው፤ ሰው በራሱ ለቅሶ ይሰጥምና በማግስቱ ይፈራዋል። ሌላው የአራተኛውን ዐረፍተ ነገር በግድ ማውጣት ነው፤ ያኔ ወደዚያው ድንጋይነት ትመለሻለሽ። ምጣዱ እስኪግል ያለችው ጥቂት ደቂቃ ትበቃለች። ተንበርክከሽ ብዙ አትቆዪ።

«ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው» የሚለውንም ቃል ስንት ጊዜ በአፍሽ ብለሽው ይሆናል። የተጻፈበትን ቦታ ግን አንድ ጊዜ ሂጂና እዪው። ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 3 ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ካቃጠለ በኋላ የተለቀሰ ለቅሶ። ምዕራፉ 66 ቁጥር አለው፤ የዕብራይስጥን 22 ፊደላት ከአሌፍ እስከ ታው በተራ እየወሰደ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት መስመር ይጀምራል። በእኛ አባባል ሐዘኑን ከሀ እስከ ፐ ተናገረው ማለት ነው፤ አልሸፈነውም። በቁጥር 8 ላይ ስጮኽ ጸሎቴን ዘጋብኝ ይላል። በ18 ላይ ተስፋዬ ጠፋ ይላል። «ማለዳ ማለዳ» ያለው በ23 ነው። ጸሎቴ ተዘጋ ያለውና ምሕረቱ አዲስ ነው ያለው ያው አንዱ ሰው ነው፤ በሁለቱ መካከል 15 ቁጥር ብቻ አለ። ከዚያም በኋላ ለቅሶው ይቀጥላል፤ መጽሐፉ የሚዘጋው ፈጽመህ ጣልኸን ወይ በሚል ስጋት ነው። ስለዚህ ዛሬ በቁጥር 8 ላይ ያለሽ ሰው ነሽ እንጂ ከመጽሐፉ የወጣሽ አይደለሽም።

«ይወደኛል ወይስ ትቶኛል?» ስትዪ ከጀርባው ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፦ «ምን በድዬ ነው?» ከተሳሳትኩ ይቅር በዪኝ። ይህ ስሜት ከአንድ ቃልም ይመጣል። በመዝሙርና በሰቆቃው «ምሕረት» ተብሎ የተተረጎመው ቃል በዕብራይስጡ «ሔሴድ» ነው፤ በብሉይ ኪዳን 250 ጊዜ ገደማ ይገኛል፣ ግማሽ ያህሉ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው። እኛ ምሕረት ስንሰማ የበደለ ሰው ይቅር ሲባል ነው የሚታየን። ሔሴድ ይቅርታንም ይይዛል፤ ዋናው ግን ቃል የገባ ወዳጅ፣ ነገር ሲከፋ የማይለቅበት ፍቅር ነው። እድርሽን አስቢ። ድንኳኑን የተከሉት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ያደሩት ሰዎች ሁሉ አንቺን በግል የሚያውቁ አይደሉም፤ ቃል ስላለ መጡ። እናትሽ ደግሞ ስለምትወድሽ ትመጣለች። ሔሴድ ሁለቱን ባንድ ያስቀምጣል፣ መውደዱንም ቃሉንም። መዝሙር 136 ላይ በ26ቱም ቁጥሮች የሚመላለሰው «እስመ ለዓለም ምሕረቱ»፣ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና ማለት፣ ይኸው ነው።

ይህ ፍቅር ወደ ሰው ቤት በምን በኩል ይገባል? እኔ የመጽሐፈ ሩትን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም፤ ለአንቺ ቤት ደግሞ የተጻፈ ይመስላል፣ አማትና ምራት የአንድ ቤት ሐዘን ይዘው የተቀመጡበት ነውና። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ተመለሰች። ሴቶቹ ሲቀበሏት «ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ፤ ባዶዬን መለሰኝ» አለች። ማንም ተይ አላላትም። «ባዶዬን» ስትል ግን ምራቷ ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር፤ በሐዘን ውስጥ ያለ ዓይን አጠገቡ ያለውን ሰው ላያይ ይችላል። በምዕራፍ 2 ሩት ቃርሚያ ለቅማ አንድ ኢፍ ያህል ገብስ፣ 20 ሊትር ገደማ፣ ተሸክማ ገባች። ያኔ ነው ኑኃሚን ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርነቱን ለሕያዋንም ለሙታንም አልተወም ያለችው፤ ቃሉ ሔሴድ ነው። ስብከት ሰምታ አይደለም፣ ገብስ አይታ ነው።

ስለዚህ አመስግኚ አልልሽም። አንድ ደብተር ያዢና ለ14 ቀን ማታ ማታ አንድ መስመር ጻፊ፦ «ዛሬ በማን እጅ ምን መጣ?» ስሜትሽን አይደለም፣ ገብሱን። ጎረቤት ሕፃኗን ይዛልሽ ቆየች፣ ባለ ባጃጁ እንጀራውን አድርሶ ሒሳብ አልቀበልም አለ፣ እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁሽ። ምንም ከሌለ «ዛሬ የለም» ብለሽ ጻፊ፤ ይህን መጻፍ ካልተፈቀደልሽ ደብተሩ ፈተና ይሆንብሻል። በ15ኛው ቀን ከላይ እስከ ታች አንብቢው።

የቀደድሽው ካርድ ይቆጭሽ ይሆን? ያቺ እህት በጎ አስባ ነው፤ ጥቅሱ ግን ከደብዳቤው ተቆርጦ ነው የመጣልሽ። ኤርምያስ 29 ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ከ11 በፊት በ10 ላይ ሰባ ዓመት የሚል ቃል አለ፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላል። ሐሳቤ የሰላም ነው ያለው ቶሎ ያልፋል ለማለት አልነበረም፤ ረጅሙን ዘመን ብቻችሁን አትቆዩም ለማለት ነው። ከሱ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ፊት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ተነበየ። ኤርምያስ መጀመሪያ «አሜን፣ እንዲህ ያድርግ» አለ፤ እሱም ቶሎ እንዲያልቅ ይወድ ነበር። ግን እውነት አልነበረም፤ ኤርምያስም በኋላ ይህን ሕዝብ በሐሰት እንዲታመን አደረግህ አለው።

በሦስት ወር ይፈታል ያለሽን ሰው ልቡን አላውቀውም። ገንዘቡን ግን አትስጪው። የሰራፕታዋን መበለት መጥቀሱ አይገርመኝም፣ ሁልጊዜ የምትጠቀሰው እሷ ናት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። ኤልያስ የጠየቃት አንዲት ትንሽ እንጎቻ ነበር፤ ተቀብሎም አልሄደም፣ በቤቷ ተቀምጦ ከእሷና ከልጇ ጋር ያንኑ ዱቄትና ዘይት በልቷል። ዕዳ ያለባትን መበለት የሚያነሣው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው፣ ነገሥት ካልዕ 4። ባሏ ሞቶ ባለ ዕዳው ልጆቿን ሊወስድባት ነበር። ኤልሳዕ «በቤትሽ ምን አለሽ?» አላት፤ አምጪ አላላትም። ዘይቱ ሲበዛ የነገራትን ተራ ተመልከቺ፦ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በቀረው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። ለራሱ ጠብታ አልወሰደም። ጌታችንም በማርቆስ 12፥40 የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን፣ ጸሎታቸውንም የሚያስረዝሙትን ወቅሷል። ይህን የምልሽ ሰው እንድትጠዪ አይደለም፤ እሑድ ስትሸማቀቂ እንዳታድሪ ነው።

እሑድ ሲመጣ ብቻሽን አትቀበዪው። እማማ ይኑሩ፣ ከቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎችም አንዱን አስቀድመሽ ጥሪ። አትከራከሪ፤ ጥቅስ በጥቅስ ከተመላለስሽ ትደክሚያለሽ። «ስለ ጸሎትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለኝ ገንዘብ የልጆቼና የባለ ዕዳ ነው። ከዚህ በኋላ በሽማግሌዎቻችን በኩል ይምጡ» በዪና ዝም በዪ። «ካልሰጠሽ እንዲህ ይደርስብሻል» ካለሽ ማስፈራራቱ ራሱ መልስ ይሁንሽ። በስልክ ላኪልኝ ቢልም ያው ነው። «የታሰረ ነገር» ያለውንም ወደ ልብሽ አታስገቢው፤ ባለቤትሽ የታመመው በሽታ ሐኪም ያየው፣ ስም ያለው በሽታ ነበር።

ገንዘቡን በኤልሳዕ ተራ እናስላው። ከ14,000 ብሩ 10,000 የጤፍሽ መዞሪያ ይሁን፤ እሱ ከወጣ ምጣዱ ይቆማል፣ ምጣዱ ከቆመ ቤቱ ይቆማል። ያ ሰው የጠየቀሽ ልክ ይኸው ገንዘብ መሆኑን አስተውለሻል? በቀሪው 4,000 ወደ ባለቤትሽ ጓደኛ ሂጂና «ይኼን ተቀበለኝ፣ የቀረውን 18,000 በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ልክፈልህ» በዪው። አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። አንድ ሺህ የሚከብድሽ ከሆነ የምትችዪውን ንገሪው፤ የማትጠብቂው ቃል አትግቢ። በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። እስካሁን ዝም ያለው አፍሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀድመሽ ብትሄጂ እሱም ያርፋል።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። ባለቤትሽ በግል ፋብሪካ 11 ዓመት ሠርቷል ብለሻል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መጀመሪያ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በሕጉ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። ይህ ሲከፈል ከነበረና አገልግሎቱ 10 ዓመት ከሞላ የተተኪ አበል የመጠየቅ መብት አለሽ፤ የሟች ሚስትም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም፣ በልጃቸው ይጦሩ የነበሩ ወላጆችም በሕጉ ተተኪ ይባላሉና እማማንም ይመለከታል። ፋብሪካው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ሄደሽ የጡረታ መለያ ቁጥሩንና የመዋጮውን ማስረጃ ጠይቂ። የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀቶች ከወሳኝ ኩነት አውጪ። ከዚያ ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሂደሽ ሌላ የሚፈልጉትን በዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ በቃል ከሆነ ትመላለሻለሽ። አትዘግዪ፣ ጉዳዩ የይርጋ ጊዜ አለው። ፎቶ ኮፒ ስጪ፣ ዋናውን አሳይተሽ መልሰሽ ያዢ። ይህ ከጸሎቱ ጉዳይ የራቀ እንዳይመስልሽ። በሩት ምዕራፍ 4 የኑኃሚን ባል ዘመድ ቦዔዝ ለእነዚያ ሁለት መበለቶች ያደረገው ምን ነበር? ከከተማዋ በር ተቀምጦ፣ አሥር ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ የርስቱን ጉዳይ በምስክር አስጨረሰ። የእግዚአብሔር ሔሴድ ለኑኃሚን በቢሮ በኩልም ነው የመጣላት። ቦዔዝ የሚሆንሽ፣ ወረፋ የሚቆምልሽ ሰው ከእድሩ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጠይቂ።

ከመዘምራን አትውጪ፣ ፈቃድ ውሰጂ። «ሦስት ወር ከሕዝቡ መካከል ልቀመጥ» በያቸው፤ ጊዜው የተቆረጠ ሲሆን አንቺም አትጠፊም፣ እነሱም አይተዉሽም። ሌሎቹ ሲዘምሩ አፍሽ ባይከፈት ተቀመጪ። በማርቆስ 2 ያ ሽባ ሰው አራት ሰዎች ተሸክመውት ነው የመጣው፤ ጌታም እምነታቸውን አየ ይላል፣ የተሸካሚዎቹን። አንቺ ስንቱን ተሸክመሻል፣ አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ነው።

ልጅሽን ዝም ማለትሽ ጥፋት አይደለም፤ ጥያቄው ግን አልሞተም፣ በሆዱ ይዞታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ወስደሽው ጎን ለጎን ስትሄዱ መልሺለት፤ ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያወራ እየተራመደ ቢያወራ ይቀለዋል። «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» አትበዪው፤ ልጅ ከዚህ የሚረዳው የተወደደ ሰው እንደሚወሰድ ነው፣ እናቴስ ብሎ ይሰጋል። «ተኝቷል» ወይም «ሩቅ አገር ሄዷል» ማለትም እንደዚሁ ነው፤ እንቅልፍ ያስፈራዋል፣ ወይም በር በር ያያል። ይልቅ እንዲህ በዪው፦ «አባትህ በጣም ታመመ፤ ሐኪሞቹ ሞከሩ፣ ሰውነቱ አልቻለም፣ ሞተ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። ለምን እንደሆነ እኔም እግዚአብሔርን እየጠየቅሁት ነው። አንተም ጠይቀው፣ አይቆጣም።» ካለቀሰ አልቅሱ። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢያመጣ አልገባውም ማለት አይደለም፤ ልጅ ሐዘኑን በቁንጥር በቁንጥር ነው የሚጨርሰው።

የቀሩት እማማ ናቸው። እሳቸው እየጸለዩ አንቺ መዘጋትሽ አሳፍሮሻል። ግን የሚደግሙትን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደገማል። ሰኞ ጠዋት «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» የሚለውን 12ኛውን ይሉታል። በዚያው ጠዋት 21ኛው ላይ ይደርሳሉ፣ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» የሚለው ላይ። አንቺ «ትቶኛል ወይ?» ብለሽ የጻፍሽልኝን ክርስቶስ በመስቀል ላይ በዚህ መዝሙር ቃል ጮኾታል። እረኛዬ ነው የሚለው 22ኛው ቀጥሎ ነው። መጽናኛ የሌለው 87ኛው ሐሙስ ይጠብቃቸዋል፣ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ደግሞ ቅዳሜ። አማትሽ ከአንቺ የተሻለ ልብ አግኝተው ላይሆን ይችላል፤ ልባቸው ዝም ሲል የሚናገርላቸው መጽሐፍ ይዘው ነው። ስምንት ወር ሙሉ አንቺም በዚያው ቤት፣ እሳቸውም በዚያው ቤት፣ ለየብቻችሁ አልቅሳችኋል። የእምነት ቤታችሁ መለያየቱ ከዚህ አያግዳችሁም፤ መዝሙሩ የሁለታችሁም ነው።

ሰኞ እንጀራውን አስረክበሽ ስትመለሺ አጠገባቸው ተቀመጪና «እማማ፣ ዛሬ ጮክ ብለው ይድገሙልኝ» በያቸው። የሚደግሙት በግዕዝ ከሆነ 12ኛው ላይ ሲደርሱ ይጠብቁሽ፤ ካንቺ መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛውን አውጥተሽ በአማርኛ አንብቢላቸው።